ኮዱ ትክክል ነው፤ ታዲያ ቦርዱ ለምን አይሰማም?

በቅርቡ አንዲት የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቷን ይዛ መጣች። አንድ አርዱይኖ ናኖ ቦርድ፣ የአፈር እርጥበት የሚለካ ሴንሰር፣ አንድ ላፕቶፕ። ኮዱን መስመር በመስመር ፈትሻዋለች። ለጓደኞቿም አሳይታለች። ስህተት የለበትም። ወደ ቦርዱ ግን አልገባ አለ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ስትደመስስና እንደገና ስትጽፍ አድራለች።

ኬብሉን ቀየርን። ገባ።

የተጠቀመችበት ኬብል ለስልክ ቻርጀር የተሠራ ነበር። ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ መረጃ አያሳልፍም። ቦርዱ ላይ ያለችው መብራት በርታለች። መብራት እየበራ ኬብሉን ማን ይጠረጥራል?

ማይክሮኮንትሮለር የሚጀምር ሰው የሚፈራው ኮዱን ነው። እኔ እንዳየሁት ግን ብዙውን ጀማሪ ተስፋ የሚያስቆርጠው ኮድ አይደለም። ኮምፒውተሩን ከቦርዱ ጋር የማግባባቱ ሥራ ነው። ይህን ሥራ መማሪያዎቹ በሁለት መስመር ያልፉታል። «ሶፍትዌሩን ይጫኑ፣ ቦርዱን ይሰኩ» ብለው ወደ ኮዱ ይሄዳሉ። መሃል ላይ ስላለው መንገድ የሚነግር የለም። እዚህ የማስረዳው እሱን ነው።

ማይክሮኮንትሮለር ሲባል ምን ማለት ነው?

በአንዲት ቺፕ ውስጥ የገባ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ማሰቢያው፣ ማስታወሻውና ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባቸው እግሮች አንድ ላይ ናቸው። ማይክሮዌቭ ውስጥ አለ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አለ። ስክሪን የለውም፣ ኪቦርድ የለውም፣ ዊንዶውስም የለውም። አንድ ፕሮግራም ይሰጠዋል። ኤሌክትሪክ ባገኘ ቁጥር ያንኑ ፕሮግራም ይሠራል።

ቺፑን ብቻውን ይዞ መሥራት ለጀማሪ ያስቸግራል። ስለዚህ የዩኤስቢ መሰኪያ፣ የቮልቴጅ ማስተካከያና ሽቦ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ተጨምረውለት በአንድ ሰሌዳ ላይ ይቀመጣል። «ቦርድ» የምንለው ይህን ነው። ከሁሉ የታወቀው አርዱይኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ በነበረ የዲዛይን ተቋም ተጀመረ። የታሰበው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ ተማሪዎች ነበር። ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ፋብሪካ እያየ ሊሠራው ይችላል። በርካሽ የሚሸጡት ቅጂዎች የመጡት ከዚህ ነው። ቅጂ መሆናቸው ነውር የለውም፤ አንድ ልዩነት ግን አላቸው፣ ወደ ታች እንደርስበታለን።

የቺፑን ትንሽነት በቁጥር እንየው። አርዱይኖ ኡኖና ናኖ ላይ ያለው አትሜጋ328ፒ ይባላል። ፕሮግራም የሚቀመጥበት ቦታ 32 ኪሎባይት ነው። ሥራ ላይ እያለ የሚጠቀምበት ማስታወሻ ደግሞ 2 ኪሎባይት፣ ማለትም 2048 ባይት ብቻ። አንድ የአማርኛ ፊደል በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ወደ 680 ፊደል ቢይዝ ነው። እስካሁን ያነበባችሁት እንኳን አይገባበትም።

ኮዱን ቦርዱ ላይ የማንጽፈው ለዚህ ነው። ትልቁ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ፣ ተዘጋጅቶ፣ ያለቀለት ውጤት ብቻ ይላክለታል።

ኮምፒውተሬ ላይ ምን ምን ያስፈልገኛል?

ደብዳቤ በሰው እጅ ይላክ የነበረበትን ጊዜ አስቡ። ደብዳቤው የሚሄደው የእናንተን ቋንቋ ለማይናገር ሰው ነው እንበል። መጀመሪያ የምትጽፉበት ወረቀት ያስፈልጋል። ከዚያ አስተርጓሚ። ከዚያ መንገዱን የሚያውቅ መልእክተኛ። መጨረሻ ላይ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው።

ወረቀቱ «ኤዲተር» ይባላል፤ ኮዱን የምትጽፉበት ገጽ ነው። አስተርጓሚው «ኮምፓይለር» ነው፤ እናንተ የጻፋችሁትን ቺፑ ወደሚገባው የቁጥር ቋንቋ ይመልሳል። መልእክተኛው አፕሎድ የሚያደርገው፣ ማለትም የተተረጎመውን ወደ ቦርዱ የሚልከው ፕሮግራም ነው። መንገዱ «ፖርት» ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ቦርዱን የሚጠራበት አድራሻ ማለት ነው። ያ አድራሻ እንዲኖር ደግሞ «ድራይቨር» ያስፈልጋል። ድራይቨር ለኮምፒውተሩ «ይህ የተሰካው ዕቃ ይህ ነው፣ እንዲህ ነው የሚነገረው» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሶፍትዌር ነው። በሩ ላይ የሚቀበለው «ቡትሎደር» ነው፤ ቦርዱ ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም።

ወረቀቱን፣ አስተርጓሚውንና መልእክተኛውን በአንድ ቦርሳ የያዘ ሶፍትዌር «አይዲኢ» ይባላል። ስትጭኑ አንድ ነገር የጫናችሁ ይመስላችኋል። ውስጡ ግን ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲቆም ሌሎቹ ደህና ሆነው እንኳን ሥራው ይቆማል።

«አፕሎድ» ስል ምን ይፈጠራል?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ይህ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ኮምፓይለሩ ይነሳል። የላፕቶፓችሁ ፕሮሰሰር ምናልባት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው። ናኖው ላይ ያለው ኤቪአር የሚባል ሌላ ዘር ነው። ለአንዱ የተተረጎመ ፕሮግራም ለሌላው ትርጉም የለውም። ስለዚህ ላፕቶፑ፣ እሱ ራሱ ወደማይናገረው ቋንቋ የሚተረጉም ኮምፓይለር ይጠቀማል። ኮዱ ላይ አንድ ሰሚኮለን (;) ቢጎድል ኮምፓይለሩ እዚሁ ይቆማል፤ የቆመበትንም መስመር በቁጥር ይናገራል። ካለፈ የፕሮግራሙን መጠን ይነግራችኋል። «ብሊንክ» የተባለው የመጀመሪያ ምሳሌ ኡኖ ላይ 924 ባይት አካባቢ ይወጣል።

ቀጥሎ ኤቪአርዱድ የሚባለው መልእክተኛ ፖርቱን ይከፍታል። ፖርቱ ሲከፈት ቦርዱ ሪሴት ይሆናል፤ ማለትም ጠፍቶ እንደበራ ይቆጠራል።

አሁን ቡትሎደሩ ይነቃል። የግቢ ዘበኛ አድርጋችሁ አስቡት። ቦርዱ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው። ለአንድ ሁለት ሰከንድ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል፦ «ከውጭ የመጣ አለ?» የመጣ ካለ ተቀብሎ ቦታው ላይ ያስቀምጣል። ከሌለ በሩን ዘግቶ የቆየውን ፕሮግራም ያስነሳል። መልእክተኛው ከላከ በኋላም ዝም ብሎ አይሄድም። የላከውን መልሶ አንብቦ በትክክል መድረሱን ያረጋግጣል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የመስመር ቁጥር አለው ወይ?» የሚለውን ነው። ካለው አስተርጓሚው ነው የቆመው፤ ኮዱን እዩ። «ኖ ሳች ፋይል» የሚል ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ላይብረሪ ነው። ላይብረሪ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ነው፤ ከአይዲኢው ውስጥ ፈልጋችሁ ትጭኑታላችሁ። መልእክቱ ስለ ፖርት ወይም «ኖት ኢን ሲንክ» ስለሚባል ነገር የሚያወራ ከሆነ ግን ኮዱን አትንኩት። ኮዱ ተተርጉሞ አልቋል። የተበላሸው መንገዱ ነው። ያቺ ተማሪ ሁለት ሌሊት ያጣችው ይህን የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ነው።

የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አርዱይኖ አይዲኢን ምረጡ። ነጻ ነው። ማውረጃው ገጽ ላይ የገንዘብ ልገሳ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ክፍያ መስሎት ይመለሳል። ክፍያ አይደለም። ሳይከፍሉ ብቻ ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ እዚያው አለ።

ሁለት ትውልድ አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ስትጽፉ ቃል እየጨረሰ ያግዛችኋል፤ መልኩም ያምራል። ነገር ግን ባለ 64 ቢት ኮምፒውተርና ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት የኤቪአርን ኮምፓይለር ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኔትወርክ ከሌለ «ጫንኩት፣ ግን ኡኖ የሚባል ቦርድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» የሚል ግራ መጋባት ይመጣል። የቆየው 1.8.19 ግን ያንን ኮምፓይለር ከነሙሉ ጓዙ ይዞ ነው የሚመጣው። ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ወይም ኢንተርኔት የምታገኙት በስልክ ፓኬጅ ከሆነ 1.8.19ን ያለ ምንም ሐሳብ ተጠቀሙ። ለጀማሪ የሚጎድለው ነገር የለም።

ቪኤስ ኮድና ፕላትፎርምአይኦ የሚባሉትን የሚመክሯችሁ ይኖራሉ። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ፕሮጀክቱ ብዙ ፋይል ሲኖረው ትደርሱባቸዋላችሁ። ለመጀመሪያው ሳምንት ግን ተጨማሪ ጓዝ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ ስትጭኑ የተጠቃሚ ስማችሁን በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ከሆነ የፎልደሮቻችሁ መንገድ ውስጥ የአማርኛ ፊደል ይገባል። አንዳንድ ኮምፓይለሮች ይህን ማንበብ አይችሉም፤ ምክንያቱን በደንብ ሳይናገሩም ይቆማሉ። ቋንቋችንን በገዛ ኮምፒውተራችን ላይ መጻፍ እንቅፋት መሆኑ ያሳዝነኛል። እስኪስተካከል ድረስ ግን የፕሮጀክት ፎልደሮቻችሁን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይሙ።

ፖርቱ ለምን አይታይም?

አይዲኢው ላይ «ቱልስ» የሚለው ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ «ፖርት» የሚለው ደብዝዞ ካገኛችሁት ኮምፒውተሩ ቦርዱን አላየውም ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ኬብሉ። መረጃ የሚያሳልፍ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ስልካችሁን በእሱ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ነው። ስልኩን ፋይል ማስተላለፍ ላይ አድርጋችሁ ፎቶዎቹ ላፕቶፑ ላይ ከታዩ ኬብሉ ደህና ነው። ቻርጅ ብቻ ካደረገ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው ድራይቨሩ። ቅጂ ቦርዶች አሏቸው ያልኩት ልዩነት ይህ ነው። ዋናው ኡኖ ዩኤስቢውን የሚያስተናግድለት ሌላ አትሜጋ ቺፕ አለው። ቅጂዎቹ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሲኤች340 የሚባል ርካሽ የቻይና ቺፕ ነው ያለው። ሥራውን በሚገባ ይሠራል፤ ድራይቨሩ ግን ሌላ ነው። ኢንተርኔት ካለ ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ ሊጭነው ይችላል። ካልጫነው የተሰኩ ዕቃዎችን በሚዘረዝረው የዊንዶውስ «ዲቫይስ ማናጀር» ውስጥ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዞ ታገኙታላችሁ። የሲኤች340ን ድራይቨር አውርዳችሁ ስትጭኑ ምልክቱ ይጠፋና «ኮም 3» ወይም «ኮም 5» የሚል አድራሻ ይመጣል። ቁጥሩ የትኛውም ቢሆን ችግር የለውም፤ አይዲኢው ውስጥ ያንኑ መምረጥ ብቻ ነው።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት ውስጥ አለ። እዚያ የሚያስቸግረው ፈቃድ ነው። ኡቡንቱ ላይ የተጠቃሚ ስማችሁ «ዲያልአውት» የሚባለው ቡድን ውስጥ መግባት አለበት። ካስገባችሁት በኋላ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ፤ ያለዚያ ለውጡ አይሠራም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሌላም ነገር ያጋጥማል። ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግል «ቢአርኤልቲቲዋይ» የሚባል ፕሮግራም አለ። የሲኤች340 ቺፑን የብሬይል መሣሪያ ነው ብሎ ይይዘዋል፤ ፖርቱም ታይቶ ወዲያው ይጠፋል። ማሳያውን የሚጠቀም ሰው ከሌለ ያን ፕሮግራም ማስወገድ ችግሩን ይፈታል።

ፖርቱ ታየ፤ ግን አሁንም አይገባም?

መልእክተኛው በሩ ደርሶ እያንኳኳ ነው፤ ዘበኛው ግን አልመለሰም። «ኖት ኢን ሲንክ» የሚለው መልእክት ትርጉሙ ይህ ነው።

ናኖ ከያዛችሁ መጀመሪያ የምሞክረው አንድ ነገር አለ። የናኖ ቡትሎደር አሮጌና አዲስ አለው፤ የሚነጋገሩበት ፍጥነትም ይለያያል። አሮጌው በሰከንድ በ57600 ቢት፣ አዲሱ በ115200 ነው። በርካሽ የሚሸጡት ናኖዎች ብዙዎቹ አሮጌውን ነው የያዙት። «ቱልስ» ውስጥ «ፕሮሰሰር» በሚለው ስር «ኦልድ ቡትሎደር» የሚለውን መርጣችሁ እንደገና ላኩ። ብዙ ጊዜ በዚህ ያልቃል።

ካላለቀ እግር 0 እና እግር 1 ላይ የተሰካ ነገር እንዳለ እዩ። ቦርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው በእነዚሁ ሁለት እግሮች ነው። የብሉቱዝ ሞጁል እዚያ ላይ ከሰካችሁ ሁለት ሰው በአንድ ስልክ እንደሚያወራ ይሆናል። በምትልኩበት ጊዜ ንቀሉት፣ ከገባ በኋላ መልሱት። ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን ይዞት ከሆነም አይከፈትም። ዝጉትና ሞክሩ።

ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። ብዙ ቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ «ብሊንክ» ተጭኖባቸው ነው። ስትሰኩት መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ የእናንተ ኮድ የገባ ይመስላል። ለማረጋገጥ «ብሊንክ»ን ከምሳሌዎቹ ውስጥ ክፈቱና 1000 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች 200 አድርጓቸው። 1000 ማለት አንድ ሰከንድ ነው፤ 200 አንድ አምስተኛ ሰከንድ። መብራቷ ፈጠን ካለች መንገዱ በሙሉ ተከፍቷል። ሴንሰር የሚሰካው ከዚህ በኋላ ነው።

ቦርዱ የሚልከው ጽሑፍ በሚታይበት የአይዲኢው መስኮት፣ «ሲሪያል ሞኒተር» ላይ፣ የማይነበብ ፊደል ቢዘንብባችሁ አትደንግጡ። ኮዱ ላይ የጻፋችሁት ፍጥነትና መስኮቱ ላይ የተመረጠው አልገጠሙም። ሁለቱንም 9600 አድርጓቸው።

ኢኤስፒ32 ሲሆንስ?

መንገዱ ያው ነው፤ ሰዎቹ ይቀየራሉ። ኢኤስፒ32 የሻንጋዩ ኩባንያ ኤስፕሬሲፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ቺፕ ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ አለው፣ ከኡኖም እጅግ ይፈጥናል። ቋንቋው የተለየ ስለሆነ የራሱን ኮምፓይለር አይዲኢው ውስጥ ባለው «ቦርድስ ማናጀር» በኩል ማውረድ ያስፈልጋል። ጥቅሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፤ ፓኬጅ ሳትገዙ አትጀምሩት። አንዳንዱ ቦርድ ላይ ሲኤች340፣ አንዳንዱ ላይ ሲፒ2102 የሚባል ቺፕ አለ፤ ድራይቨራቸው ለየቅል ነው። «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጥብ እየደረደረ ከቆመ ቦርዱ ላይ «ቡት» የምትለዋን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፤ መላክ ሲጀምር ልቀቋት። እግሮቹ የሚሠሩት በ3.3 ቮልት ነው። 5 ቮልት የሚያወጣ ሴንሰር በቀጥታ ከሰካችሁ ቺፑ ሊቃጠል ይችላል።

ኢንተርኔት የሌለው ጓደኛዬ ምን ያድርግ?

አንድ ሰው ያወረደውን ሌላው መቅዳት ይችላል። አይዲኢው ያወረዳቸውን ኮምፓይለሮች የሚያስቀምጠው «አርዱይኖ15» በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ «አፕዳታ» ከዚያም «ሎካል» ውስጥ ታገኙታላችሁ፤ የተደበቀ ስለሆነ የተደበቁ ፎልደሮችን እንዲያሳይ ማድረግ አለባችሁ። ላይብረሪዎቹ ለብቻ ናቸው፣ «ዶክመንትስ» ውስጥ ባለው «አርዱይኖ» ፎልደር። ሁለቱን ፎልደሮች፣ የአይዲኢውን መጫኛና የድራይቨሩን ፋይል በፍላሽ ይዛችሁ ተመሳሳይ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ ቦታቸው ላይ ብታስቀምጡ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ተማሪዋ ስትሄድ እነዚህን በፍላሽ ገልብጣ ነው የሄደችው፤ ለክፍሏ ልጆች። አዲሱ ኬብሏ ላይም ነጭ ፕላስተር ጠቅልላ በእስክሪብቶ «ዳታ» ብላ ጽፋበታለች።